የካፒቴኑ ወንድም

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ ለፍረወይኒ ኃይለኪሮስ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የለንደን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አስመረት ከጉልበቷ በቀር ምንም አላመማትም። ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ ብላኛለች፤ እኔም በበኩሌ ግንባርሽን ስሜያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው፤ ደግሞም ትስቂብኛለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የምናሳየው የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም ትዝ ይልሻል? በከዋክብት መካከል ስለምትዞረው መርከብና ስለ አዛዥዋ ስለ ካፒቴን ብሬናር የሚተርከው። «የሰማይ መርከበኞች» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሰዉ እንግሊዝኛውን ስለማይሰማ፣ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ብቅ ብዬ የዕለቱን ታሪክ በሁለት ደቂቃ አማርኛ የማስረዳውም እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሕፃናት «ካፒቴን» እያሉ ይጠሩኛል፤ አስመረት ብትቆጣም እኔ ደስ ይለኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ከእንግሊዝ አገር የመጣውን አዲስ ሳጥን ከፍተን ፊልሙን አስቀድሜ ሳየው፣ በካፒቴን ብሬናር ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ልብሱ የካፒቴኑ ነው። ወንበሩ የካፒቴኑ ነው። መርከበኞቹ በሙሉ «ካፒቴን ብሬናር» ይሉታል፤ አንዳቸውም የፊቱ መለወጥ አልገረማቸውም። የደነገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሳጥኑ ተሳስቶ መጥቶ ይሆናል ብዬ ቁጥሩን አየሁ፤ ትክክል ነው። ስርጭቱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ምንም ሳልል ባልፍ ሰው የየራሱን ምክንያት ይፈጥርለታል፤ ያ ደግሞ ለማንም አይበጅም።

እናም ወጥቼ፣ «የቀድሞው ካፒቴን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ስለሄዱ ታናሽ ወንድማቸው ቦታቸውን ተረክበዋል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት አንቺን እያሰብኩ ነበር።

ሰኞ የፕሮግራም ቁጥጥር ኃላፊያችን ጓድ ገሰሰ ጠርቶኝ ነገሩን በጽሑፍ እንዳብራራ አዘዘኝ። ስለዚህ ልጄ፣ እባክሽ ጠይቂልኝ። ያ ሰውዬ የት ሄደ? ይኸኛውስ ማነው? የሄደው ይመለሳል ወይ?

ቀበሌ ለስኳር ጉዳይ ሄጄ ሳለ ትምህርትሽ መቼ እንደሚያልቅ ጠይቀውኛል። ስትሄጂ ዋስ ሆኜ የፈረምኩባት ወረቀት በፋይሉ ውስጥ ስላለች ነው፤ ለወጉ ያህል ነው የጠየቁት። ሰኔ ነው አልኳቸው። ሰኔ ነው አይደል?

ያሳደገሽ አጎትሽ
ገብረዋሕድ ዓምደሚካኤል


ለንደን
ኅዳር 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ ገብረዋሕድ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎና ለእትዬ አስመረት የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት በአሥር ሰዓት መጨለሙን ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከወር በኋላ ነው። አንብቤው በሆስፒታሉ መመገቢያ አዳራሽ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ፈራሁ። ጋሼ፣ ያ ሰው ወንድሙ አይደለም። ራሱ ካፒቴን ብሬናር ነው። የተለወጠው ተዋናዩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተዋናይ ሄድሊ ክሮስ ይባላል፤ ሰባት ዓመት ከሠራ በኋላ ውሉ ሲያልቅ «በቃኝ፣ ቲያትር ልሠራ እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ። እነሱ ደግሞ ያለ ካፒቴኑ ፊልሙ እንዳይቆም ብለው ታልቦት የሚባል ሌላ ሰው አስቀመጡ። ማብራሪያ አልሰጡም። እዚህ ይኼ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ እናንተ ጋ ፊልሙ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው አሁን የሆነ የመሰለው። የተጣላ የለም፤ የተባረረም የለም።

አሁን የምነግርዎትን ግን ቶሎ ያድርጉት። ወንድም ነው ያሉትን በአስቸኳይ ያስተካክሉት። የሆስፒታሉ ጓደኛዬ ፊልሙን በደንብ ታውቀዋለች፤ አዲሱ ሰው ከመጣ በአሥረኛው ክፍል ካፒቴኑ እቤቱ ሄዶ ሚስቱን ያቅፋል አለችኝ። ያችኑ የበፊቱን ካፒቴን ሚስት ማለቴ ነው። ልጆቹም አባባ ይሉታል። ወንድም ነው ካሉ ምን ሊባል እንደሚችል ለእርስዎ መንገር የለብኝም።

ይህ ደብዳቤ ከአሥረኛው ክፍል በፊት እንዲደርስ እየጸለይኩ ነው።

ስለ ሰኔው ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ
ፍረወይኒ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍረወይኒ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። በዓሉን በሰላም ውለናል፤ ሰላም የምለው ከዚህ በታች ያለውን ሳልቆጥር ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አሥረኛው ክፍል በተላለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። ያንን ቅዳሜ የሁለት ደቂቃውን ንግግር ቀድሜ ቀርጬ ስለነበር፣ ፊልሙን ከሰፈር ሰው ጋር ልይ ብዬ ቀበሌ አዳራሽ ገባሁ። ክብር ፈልጌ ነው፤ አልዋሽሽም። ከፊት አስቀመጡኝ። ሰውዬው ከመርከቡ ወርዶ እቤት ሲገባ ሴትዮዋ ሮጣ አቀፈችው። ሳማት። እንደ እኛ ጉንጭ ጉንጩን አይደለም። ሁለት ሕፃናትም እግሩ ላይ ተጠመጠሙ።

ከዚያ ጡረተኛው ጎረቤታችን አቶ ዋቅጅራ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ወንድምየው በሕይወት እያለ?» አሉ። «ትምህርት ሄደ አላላችሁም እንዴ? ሞተ አላላችሁም እኮ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሰውም አብሮ ዞረ። በዚያው ቅጽበት አውሮፕላን ሲያርፍ እንደ ልማዱ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ፤ በዚያው በቀረ ብዬ ተሳልኩ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ሴትዮዋ ለሰውዬው እራት እያቀረበች ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ አላረፈም። ከመገናኛ የደወለች አንዲት ሴት አለቀሰች። የጦር ሠራዊት ባልደረባ ነኝ ያለ አንድ ሰው፣ ዘመቻ ላይ ያለ ወታደር ይኼን ቢያይ ምን ይሰማዋል ብሎ ጠየቀኝ። «ትምህርቱን አቋርጦ ይመለስ» የሚል ደብዳቤ አሥራ ሰባት ሰው ፈርሞ ልኳል። አቶ ዋቅጅራ ደግሞ ሰላምታ ነፍገውኝ ከሰነበቱ በኋላ ትናንት በር ላይ አስቁመው፣ ለሽምግልና የሚሆን ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለዱም።

ያንቺን ማብራሪያ ቃል በቃል ጽፌ ለጓድ ገሰሰ ሰጠሁ። «በራሱ ፈቃድ ተወው» የሚለውን በቀይ ሰረዘው። «ማንም ሳይነካው ሥራውን የሚተው ሰው የለም፤ ያስኮበለለው ማነው?» አለኝ። ተሳስቼ ነው፣ ወንድሙ አይደለም ልበልና ይቅርታ ልጠይቅ ስለው፣ «ቴሌቪዥን ተሳሳተ አይባልም» አለ። ግራ ገባኝ። እውነቱን እንዳልናገር ተከለከልኩ፤ የተናገርኩት ደግሞ ትዳር አፍራሽ ሆነ። ስለዚህ የሚቀጥለው ቅዳሜ ወጥቼ፣ «የቀድሞው ካፒቴን ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ ይመለሳሉ፤ የቤተሰቡም ጉዳይ ያን ጊዜ እልባት ያገኛል» አልኩ።

አሁን ሰው ሁሉ መመለሱን ይጠብቃል። ፍረወይኒ፣ ይመለሳል በይኝ። ባይመለስ እንኳ ለአንድ ክፍል ብቅ የሚልበት ካለ ፈልጊልኝ።

ስለ ሰኔ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ብለሽ ነበር። አስመረት ክፍልሽን ቀለም ልታስቀባ ትፈልጋለች፤ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

አጎትሽ
ገብረዋሕድ


ለንደን
የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ጋሼ፤

እንደምን ከርማችኋል? የእትዬ አስመረት ጉልበትስ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ በሐሳብ ግን ደህና አይደለሁም።

ስለ አቶ ዋቅጅራ ሳነብ እንባ እስኪወጣኝ ሳቅኩ፤ የጓድ ገሰሰ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ። እባክዎን ከዚያ ሰው ጋር ብዙ አይከራከሩ።

የጠየቁኝን ፈልጌያለሁ። በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ሄድሊ ክሮስን ስለ መመለስ ጠይቀውት አገኘሁ። የመለሰው ይኼ ነው፦ «ወንበሩን እወደው ነበር። ከተነሣሁ በኋላ ሳየው ግን የሚፈልጉት ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው እንጂ እኔን አልነበረም። አልመለስም።» ይኼው ነው፤ ለአንድ ክፍልም ብቅ አላለም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደስ የሚል መልስ አላገኘሁልዎትም።

የሚገርመው እኔም በነገሩ መናደዴ ነው። አሁን በነርሶች መኖሪያ ሳሎን አዲሱን ሰውዬ በየሳምንቱ አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ማየት አስጠልቶኝ ነበር። አነጋገሩ የኩራት ነው፤ የበፊቱ ግን ከመርከበኞቹ ጋር እንደ ወንድም ነበር። ባለፈው ሳምንት የበፊቱን ፊት ላስታውስ ሞክሬ አቃተኝ። አዲሱ ብቻ መጣብኝ። በጣም አዘንኩ፤ ለምን እንዳዘንኩ ግን ለራሴም አልገባኝም። የሆነ ሰው የበደልኩ መሰለኝ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት። ሆስፒታሉ ትምህርቴን ስጨርስ አንድ ዓመት ጨምሬ እንድሠራ ጠይቆኛል። የሕፃናት ክፍል ነው፤ ሁልጊዜ የምፈልገው። መልስ አልሰጠኋቸውም። ምን ልበላቸው?

ቀለሙን እትዬ አስመረት የወደደችውን ታድርገው።

ልጅዎ
ፍረወይኒ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 10 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለፍረወይኒ ኃይለኪሮስ፤
ለንደን

በቅድሚያ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የካቲት 20 ቀን 1978 ዓ.ም. የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የተላክሽበት የነርስነት ትምህርት በመጪው ሰኔ ወር እንደሚጠናቀቅ ይታወቃል። ስለዚህ ተጨማሪ የሥራ ውል ሳትፈጽሚ ትምህርትሽን እንዳጠናቀቅሽ በመጀመሪያው በረራ ወደ እናት አገርሽ ተመልሰሽ፣ በሙያሽ ሰፊውን ሕዝብ እንድታገለግዪ ዋስሽ እንደመሆኔ በጥብቅ አሳስባለሁ። የምትመለሺበትን ቀን ቆርጠሽ አስታውቂኝ።

ባለቤቴ ወይዘሮ አስመረት ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በመሥሪያ ቤቴ ሲሆን ጓድ ገሰሰም አንብበውታል።

ገብረዋሕድ ዓምደሚካኤል


ለንደን
ግንቦት 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድዎ ጋሼ፤

ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤዎን ስከፍት የሌላ ሰው የከፈትኩ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁ። የእጅ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው። ፊርማው የእርስዎ ነው። እርስዎ ግን የሉበትም። እትዬ አስመረትን «ወይዘሮ» ሲሏት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ካፒቴኑ አንዲት ቃል የለችበትም፤ ስለ አቶ ዋቅጅራም የለችበትም። ግንባሬን እንኳ አልሳሙኝም።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ጊዜ ተቆጥተውኝ ነው እላለሁ፤ የአንድ ዓመቱን ውል በማንሳቴ። መልሼ ደግሞ ተገደው ነው እላለሁ። ገሰሰ ማንበቡን ለምን ነገሩኝ? እንዳምነው ነው ወይስ እንዳላምነው? መጠየቅ እንኳ ፈራሁ፤ ብጠይቅም መልሱን ማን እንደሚጽፈው አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ሆንኩ። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ወስደው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ስሄድም ማንም ዋስ ሊሆነኝ ሳይደፍር የፈረሙልኝ እርስዎ ነዎት። በእኔ ምክንያት ቢሮ ለቢሮ ሲጠሩ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሕፃናት አላጥብም። ስለዚህ ለሆስፒታሉ አልቆይም አልኩ። አለቃዬ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ቤተሰብ አልኳት፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ቲኬት ቆርጫለሁ። ሰኔ 14 ቀን ቅዳሜ ከለንደን ተነሥቼ በሮም በኩል እሁድ ጠዋት ቦሌ እደርሳለሁ። የነርሶቹን መኖሪያ የምለቀው ሐሙስ ነው፤ የቀሩትን ሁለት ሌሊቶች ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ። ለእትዬ አስመረት የጉልበት መድኃኒት ይዣለሁ።

ደስ እንዲልዎት ነው የጻፍኩት። ደስ ይበልዎ።

ልጅዎ
ፍረወይኒ


ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ፍሬ፣ ልጄ፣

ይህን የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ዘርትሁን ናት፤ የበረራ አስተናጋጇ። ዛሬ ማታ ወደ ለንደን ትነሣለች፤ ቅዳሜም ተመልሳ የምትመጣው አንቺ በቆረጥሽው በረራ ነው። በፖስታ አይደለምና ያለ ፍርሃት እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ ቅደጂው።

አትምጪ።

የግንቦቱ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። አስመረት ስታነበው ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ጻፍላት፣ አሁኑኑ ጻፍላት» አለችኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያ የማይረባ ወንድም ነገር ነው ሁሉን ያመጣው። ካፒቴኑ ትምህርት ሄዷል፣ ይመለሳል ብዬ በየሳምንቱ ሳወራ፣ ጓድ ገሰሰ ነገሩን ከሌላ ጉዳይ ጋር ያያይዘው ጀመር። «ውጭ ሄደው ስለሚቀሩ ሰዎች በቴሌቪዥን ማውራት የጀመርከው ለምንድን ነው?» አለኝ። የሚቀሩ አላልኩም፤ ይመለሳሉ ነው ያልኩት ስለው፣ «ለማን ነው የምታረጋግጠው? ያንተ ዘመድ አለች መሰለኝ» አለኝ። ያቺ የዋስትና ወረቀት ከቀበሌ ወጣች። ዝም ብዬ ብተወው ኖሮ፣ ሰው ለአንድ ሳምንት ተገርሞ ይረሳው ነበር፤ ፋይልሽም እዚያው ተኝቶ ይቀር ነበር።

ሚያዝያ ላይ ገሰሰ ጠርቶ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ። አንቺ ነሽ። በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለትግራይ ድርቅ መዋጮ የሚሰበሰብበት ሳጥን ይዘሽ ትስቂያለሽ። ከኋላሽ ግድግዳው ላይ እነሱ ማየት የማይፈልጉት ሰንደቅ ተሰቅሏል። ማን እንዳነሣው አላውቅም። «አንዳንድ ነገር ትጠየቃለች፤ ሌላ ምንም የለም» አለኝ። የጎረቤታችን የወይዘሮ አለም ልጅ ለአንዳንድ ነገር ከተጠራ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እናቱ አሁንም ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንድ ቀን ይቀበሏታል።

ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት ገሰሰ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ ነው። አንዳንዱን ቃል እሱ ነው የነገረኝ። አንብቦታል ያልኩት እንድትጠራጠሪ ብዬ ነው። አንቺ ግን ለእኔ ፈርተሽ ቲኬት ቆረጥሽ። አስቤው ነበር የምለው ነገር እንኳ የለኝም፤ አላሰብኩትም።

ስለ እኔ አታስቢ። ከፊልም ማስተዋወቁ አንሥተው ምድር ቤት፣ የፊልም ሳጥኖች ክፍል አድርገውኛል። በእኔ ቦታ የሚወጣው ላጲሶ የሚባል ጎበዝ ወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን «ካፒቴኑስ የት ሄዱ?» ብለው ብዙ ሰዎች ደወሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። አሁን አይደውሉም። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይሻላል፤ ወንድም የሚባል ነገር አንሥቶ አያውቅም፤ ሰዉም አልጠየቀውም። አቶ ዋቅጅራ ብቻ ተቀይመው ቅዳሜ አዳራሽ መሄድ ትተዋል።

ሁለት ጊዜ ጠርተው ጠይቀውኛል፤ በደህና ነው የመለሱኝ። ካልመጣሽ ሦስተኛ ይጠሩኛል። የምላቸው አለኝ፦ «እንድትመለስ አዝዤ ጻፍኩላት፤ ደብዳቤውን ጓድ ገሰሰ ራሱ አንብቦታል፤ አልሰማችኝም» እላለሁ። ይበቃቸው አይበቃቸው አላውቅም። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ። አንቺ የፈረምሽው ነገር የለም። ስፈርም ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነበር፤ የማደርገውን አውቅ ነበር።

የሕፃናት ክፍሉን ያዢ።

በጣም እወድሻለሁ። ይህን በአማርኛ ለሰው ጽፌ አላውቅም፤ ለአስመረትም ቢሆን።

አጎትሽ
ገብረዋሕድ


ሮም፣ አውሮፕላን ማረፊያ
ሰኔ 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ሰላምታውን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ያለኝ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው።

ዘርትሁን ትናንት ማታ የነርሶቹ መኖሪያ ድረስ ሄዳ ነበር፤ እኔ ግን እንደጻፍኩልዎት ሐሙስ ለቅቄ ወጥቻለሁ። ዛሬ አውሮፕላኑ ላይ አገኘችኝ። ሰው እንዳያይ ምግብ ስታድል ከሰሃኑ ሥር አድርጋ ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምግቡን አልነካሁትም።

መጀመሪያ አልታዘዝም ብዬ ነበር። መጥቼ አስረዳለሁ፤ ሳጥኑን የያዝኩት የተራቡ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ግድግዳውን ዞሬ አላየሁትም እላለሁ አልኩ። ደግሞም እውነት ነው፤ አላየሁትም። የምናገረውን ሁሉ በሐሳቤ አሰናዳሁ። ከዚያ የገሰሰ ቀይ መስመር ትዝ አለኝ። በሕይወቱ አይቶት ስለማያውቀው ተዋናይ የጻፉለትን እውነት የሰረዘ ሰው፣ የእኔን ምን ያደርገዋል? ይኼን ካሰብኩ በኋላ የማስረዳው ነገር ጠፋኝ።

ሮም ላይ ወርጃለሁ። አልሳፈርም። ዘርትሁን ለሰዎቹ ታምማለች ብላልኛለች። የመመለሻ ቪዛ ስለሌለኝ ወደ ለንደን መቼ እንደሚያስገቡኝ አላውቅም፤ ሆስፒታሉም ቦታዬን ለሌላ ሰጥቶት ይሆናል። ሻንጣዬ ከአውሮፕላኑ አይወጣም ተብያለሁ፤ ወደ እናንተ ይመጣል። የእትዬ አስመረት መድኃኒት ከላይ ነው፤ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ትውሰድ። ሻንጣው ያለ ሰው ሲደርስ ምን እንደሚሏችሁ ፈርቻለሁ። እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አልጠበቅኩም፣ አልሰማችኝም ይበሏቸው። የፈለጉትን መጥፎ ነገር ይናገሩብኝ፤ ፈቅጃለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርዎት ማለፍ አልችልም። ከጥቅምት ጀምሮ ስለ ሰኔ ሲጠይቁኝ እኔ ስለዚያ ተዋናይ እየመለስኩ የቆየሁት ዝም ብዬ አይደለም። መምጣት ስላልፈለግኩ ነው። ያ መጽሔት ላይ «አልመለስም» የሚለውን ሳነብ ቀናሁበት፤ ማንንም ሳይፈራ በመናገሩ። ቲኬት የቆረጥኩት ለእርስዎ ፈርቼ ነው እንጂ አገሬ ናፍቆኝ አልነበረም። ናፍቃችሁኛል፤ እናንተ ግን ሌላ ናችሁ። እና ዛሬ «አትምጪ» የሚለውን ሳይ፣ ከእንባውም ከድንጋጤውም በፊት፣ ደስ አለኝ። እርስዎ በእኔ ምክንያት ምድር ቤት ተጥለው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሊጠሩ፣ እኔ ደስ አለኝ። ልደብቅዎት ፈልጌ ነበር።

አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ስለተለየኋችሁ ይሁን ስለዳንኩ አላውቅም።

ዘርትሁን መጥታለች። ደብዳቤውን ስጪኝ እያለችኝ ነው።

ልጅዎ
ፍረወይኒ